ከትራስ ላይ የተፈታ ፊደል

በእኛ ቤት ፊደል የገባው በአንሶላ ነው። እናቴ በጣሊያን ጊዜ ጎንደር ላይ ለአንዲት የጣሊያን ሴት ልብስ ታጥብና ትተኩስ ነበር። በዚያች ሴት ቤት ያልተጻፈበት ጨርቅ የለም። አንሶላው፣ የትራስ ልብሱ፣ የጠረጴዛው ልብስ፣ ሁሉም ጥግ ጥጉ ላይ እርስ በርስ የተጠላለፉ ሁለት ፊደላት በነጭ ክር ተጠልፈውበታል። እናቴ ማንበብ አትችልም። ጥልፉ እንዳይጨፈለቅ ጨርቁን ገልብጣ በጀርባው መተኮስ እንዳለባት ግን ታውቅ ነበር። አንድ ቀን እነዚህ ምንድን ናቸው ብላ ብትጠይቃት፣ ሴትዮዋ ጣቷን መጀመሪያ ደረቷ ላይ፣ ቀጥላ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የባሏ ፎቶግራፍ ላይ አሳርፋ አስረዳቻት። እናቴ ይህን በነገረችን ቁጥር እዚህ ላይ ስትደርስ ትስቃለች። "በስማቸው ላይ ነው የሚተኙ!" ትለናለች።

ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ ሴትዮዋ ልትሸከመው ያልቻለችውን ሁሉ ጥላ ሄደች። ለእናቴ የቀረላት የስፌት ማኪናው ነው። እኛ ጎንደሮች በጎዳና የሚሄደውንም ልብስ የሚሰፋውንም ማኪና ነው የምንለው፤ እናም ልጅ ሆኜ የኛ ማኪና ለምን መንገድ እንደማይወጣ ይገርመኝ ነበር። ጥቁር ነው፣ በእግር ይረገጣል፣ ትንንሽ መሳቢያዎቹ የዘይት ሽታ ይሸታሉ። ከፒያሳ በላይ ከነበረው የሴትዮዋ ቤት ተሸካሚዎች አንሥተው፣ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለችው ቤታችን አወረዱት። አባታችን በጦርነቱ ስለሞተ ቤቱ የሴቶች ቤት ነበር፤ እናቴ፣ ታላቅ እኅቴና እኔ። ማኪናው መስኮቱ ሥር ተቀመጠና ከኛ እንደ አንዱ ሆነ።

ስም አልጽፍም። የዚህ ታሪክ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከስም ስለሆነ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ስም ጠርቼ ሙታንን አልቀሰቅስም። የመጀመሪያ ፊደላቸውን መናገር ግን ግድ ይለኛል፤ አለዚያ ነገሩ አይገባም። የእኅቴ ስም በ"ጠ" ይጀምራል። በዕድሜ ብዙም ስለማትበልጠኝ እትዬ ሳልል በስሟ ነበር የምጠራት፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደምጠራት እግዜር ይወቀው። ውሃ ልቅዳ ወይ ብዬ እጠራታለሁ፣ የጎረቤት ድመት ገባች ብዬ እጠራታለሁ፣ ምንም ሳይኖረኝም እጠራታለሁ። እሷ ከማኪናው ቀና ሳትል "ምነው፣ ደግሞ ምን ሆንሽ?" ትለኛለች። ዛሬ ከሁሉ አብልጦ የሚናፍቀኝ ያ መልስ ነው።

በማኪና ፊደል መጥለፍን ማንም አላስተማራትም። እናቴ፣ ሴትዮዋ ስትሠራ በር ላይ ቆማ ያየችውን ነገረቻት፤ የቀረውን መርፌ እየሰበረች ደረሰችበት። ማኪናው ሲሠራ ከሥር ባሉት ጥርሶች ጨርቁን ራሱ እየጎተተ ይወስደዋል። ለቀጥታ ስፌት ይኸ መልካም ነው፤ ለፊደል ግን አይሆንም። ስለዚህ ጨርቁን የሚጫነውን ብረት ትፈታዋለች፣ ጥርሶቹን በስስ ቆርቆሮ ትከድናቸዋለች፣ ጨርቁን በሁለት የእንጨት ቀለበቶች መሃል አድርጋ እንደ ከበሮ ትወጥረዋለች። ከዚያ በኋላ ማኪናው የሚያውቀው መርፌውን ማውጣትና ማውረድ ብቻ ነው፤ የሚጽፈው የእሷ እጅ ነው። እግሯ እኩል ይረግጣል፣ እጆቿ ቀለበቱን ወዲያና ወዲህ ይመራሉ። እጅ ከቀደመ መርፌው ቀጭ ይላል፤ እግር ከቀደመ ክሩ አንድ ቦታ ላይ ተቋጥሮ ይቀራል።

ፊደሉን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ትጽፈውና ዳር ዳሩን ክር በሌለው መርፌ ትበሳዋለች። የተበሳውን ወረቀት ጨርቁ ላይ አንጥፋ፣ የከሰል ዱቄት በተቋጠረበት ጨርቅ መታ መታ ታደርገዋለች። ወረቀቱ ሲነሣ ፊደሉ በጥቃቅን ነጠብጣብ ተሥሎ ይቀራል። ከሰሉን መውቀጥ የኔ ሥራ ነበር። አፍንጫዬ ድረስ ጠቁሬ ስታየኝ "አንቺ ልጅ፣ እኔ ከሰሉን ነው እንጂ ራስሽን ውቀጪ አላልኩሽም" ትለኝ ነበር። እንዲህ እያለች ነው በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን የምትጠርገው።

በዚያን ዘመን ጎንደር ውስጥ ደኅና ኑሮ አለኝ የሚል ሰው ልጁን ሲድር፣ የሙሽሪትና የሙሽራው ፊደል የተጠለፈበት የአልጋ ልብስ ማስያዝ ወግ ሆኖ ነበር። የጣሊያን ቅራሪ ነው እያለ የሚያማ አልጠፋም፤ ያው የሚያማውም የልጁ ሠርግ ሲደርስ ጨርቁን ታቅፎ መስኮታችን ሥር ይቆማል። ሁሉም የሚፈልጉት ፊደሎቹ እንዲተቃቀፉ ነው። የፈረንጁ ፊደል እንደ ሐረግ ይጠላለፋል፤ የኛ ግን እያንዳንዱ በየራሱ እግር ስለቆመ ተቃቀፍ ቢሉት በጄ አይልም። እኅቴ አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አድርጋ፣ የላይኛውን እግር ከታችኛው ትከሻ ጋር አያይዛ ታስማማቸዋለች። አንድ ጊዜ የሙሽራው አክስት የወንዱ ፊደል ከላይ ይሁን ስትል፣ የሙሽሪት እናት ደግሞ ጨርቁን የገዛሁት እኔ ነኝ ስትል፣ ነጠላ ለመያያዝ ምንም አልቀራቸውም። እኅቴ ማኪናውን አቁማ "እንግዲያው ጎን ለጎን አጋድሜ እሰፋቸዋለሁ፤ ተኝተው ይስማሙ" አለቻቸው። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እናቴ ግን እንዲህ ያለ ነገር ካልተዳረች ልጅ አፍ አይወጣም ብላ ቀኑን ሙሉ ስትቆጣት ዋለች።

እናቴ ከፊደል ሁሉ የምታውቀው አንድ ነበር፤ "ጠ"ን። እኅቴ ናት ያስተማረቻት። ሦስት እግር ስላላት "ጉልቻዬ" ትላታለች። የኔን ፊደል ላስተምራት ብዙ ደክሜአለሁ፤ "አንዷ ትበቃኛለች፤ አታድርቂኝ" እያለች ታመልጠኛለች። ይህ ነገር ያስቀናኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር አሁንም ጨርሶ አልለቀቀኝም። የእኅቴን ፊደል የወደደችበት ምክንያት ግን ይገባኛል። "ዕድሜዬን የሰው ስም ሳጥብ ኖርኩ፤ የኔ ልጅ በራሷ ስም ላይ ትተኛለች" ትል ነበር። ይህን ስትናገር ድምፅዋ እንደ ስለት ነበር።

እኅቴ የታጨችው ለመካነ ብርሃን ሰው ነው። ከሰሜን ተራሮች ወዲያ፣ ጃናሞራ። ገብስና በግ እየነዳ ጎንደር የሚወርድ፣ የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ነገሩን ያመጡት የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ እኔ አያ የምላቸው አጎቴ ናቸው። እሳቸውም እየነገዱ ወደዚያ አገር ስለሚመላለሱ ቤተሰቡን ያውቁታል። እኅቴ ወድዳው እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም፤ እኔ ግን አውቄአለሁ። የሰውዬው ስም በተነሣ ቁጥር እጇ ከእግሯ እየቀደመ ያን ሰሞን መርፌ አለቀ።

የሌላውን ሙሽራ ሁሉ ስትጠልፍ ከርማ የራሷ ተራ ሲደርስ፣ ነጭ ክር በነጭ ጨርቅ ላይ ይሁን አለች። "ጠ" ከላይ፣ የእሱ "ደ" ከታች። ለአንሶላው ጊዜ ስላልበቃት የትራስ ልብሶቹን ብቻ ጨረሰች፤ ግን ጥልፉን እንደነዚያ ጥቅጥቅ አድርጋ የሠራችው ሌላ ሥራ አላየሁም። እናቴ አጥባ፣ ገልብጣ፣ በከሰል ካውያ ተኮሰቻቸው። ሲያልቅ አንዱን አነሣችና ጉልቻዋ ላይ ጣቷን አሳርፋ ብዙ ቆየች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ የካውያው ጢስ ነው አለችን።

ሠርጉ ጎንደር ተበላ። እኔ እንባዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ሰው ሁሉ "ምነው፣ እኅት ስትዳር ደስ ይባላል እንጂ" እያለ ይገሥጸኛል። እስከ ደባርቅ በጭነት ማኪና፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ነው መንገዱ። አያ ሊያደርሷት አብረው ሄዱ። የጭነት ማኪናው አቧራ አንሥቶ ሲሰወር ስሟን ጠርቼ ጮኽኩ። እሷ ከሙሽራው ጎን ሆና ዞር ብላ እጇን አውለበለበች።

አያ ሲመለሱ እናቴ ውሃ እንኳ ሳታቀርብላቸው "ልጄ እንዴት ገባች?" አለች።

"ሸጋ አድርገው ተቀበሏት። አማቷ ደግ ሴት ናቸው፤ ከበቅሎ ስትወርድ ወገቧን ደግፈው ያወረዷት እሳቸው ናቸው። ስምም አወጡላት።"

"ምን አወጡላት?"

"ስም ነዋ! ምነው፣ አንቺንስ አማትሽ ስም አላወጡልሽም?"

"የኔ አማት እኔ ሳልደርስ ሞተዋል፤ ማን ያውጣልኝ!" አለች እናቴ።

በገጠሩ ወግ ምራት የባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ያወጡላታል። ከዚያች ቀን ጀምሮ የባሏ ዘመድ፣ ጎረቤቱ፣ ባሏም ጭምር በዚያ ነው የሚጠሯት። ስም ማውጣት ልጄ ብሎ መቀበል ነው፤ ሳያወጡላት ቢቀሩ ነው ቅሬታው። ከተማው ግን ወጉን እየረሳው ነበር፣ ሲያደርገውም የአንድ ቀን ጨዋታ አድርጎት ነበር። እናቴ ይህ ነገር ጨርሶ አልታሰባትም። የገጠር እናት ብትሆን ፊደል የምታስጠልፈው ልጇ ስም ከወጣላት በኋላ ነበር።

"ትራሱንስ አዩት?" አለች።

"አዩት እንጂ። ይኸ ምንድን ነው አሉ፣ ባሏ አነበበላቸው። 'አይ የከተማ ሰው! ስሟ ሳይወጣ ፊደሏን ሰፍተው ይሰዱልን?' ብለው እስኪበቃቸው ሳቁ። በክፋት አይደለም፤ ደስ ብሏቸው ነው።"

አዲሱ ስም በ"የ" ይጀምራል። አያ ሊነግሩን አፋቸውን ሲከፍቱ እናቴ እጇን አንሥታ አስቆመቻቸው። ስሙን የሰማሁት ወደ ደጅ ስሸኛቸው ነው። "በዚህ ቤት እኔ ያወጣሁት ስም ነው የሚጠራ" አለች እናቴ፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ያ ስም ሲነሣ ፊቷን ታዞራለች።

እኅቴ ከሄደች በኋላ ማኪናው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሥራው አላቃተኝም፤ ዝምታው ነው ያቃተኝ። ክሩ ሲያልቅብኝ፣ መርፌ ሲሰበርብኝ፣ ስሟ ከአፌ ያመልጠኛል። ስሟን ጠርቼ ቀና ስል የሚመልስልኝ የለም። እናቴ ደግሞ ስጠራ ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች። ያን ጊዜ ናፍቆት የሆድ ሕመም ይመስለኝ ስለነበር ዳማከሴ እያሸሁ ጠጥቻለሁ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አያ ከጃናሞራ ጥቅል ይዘው መጡ። ማኪናው ላይ አኖሩት። የትራስ ልብሶቹ ናቸው።

"ጨርቁ አልተቀደደም፣ ምንም አልሆነም" አሉ። "ፊደሌ ይፈታና በአዲሱ ስሜ ይጠለፍልኝ ብላለች።"

"እሷ አላለችም። አሰኝተዋት ነው" አለች እናቴ። ጥቅሉን አንሥታ ሳጥኑ ላይ ወረወረችው፤ ለብዙ ጊዜም እዚያው ዋለ አደረ። እኔም ከእናቴ አልሻልም ነበር። ያቺ ፊደል ትራሱ ላይ እስካለች ድረስ እኅቴ እንግድነት የሄደች እንጂ ጭራሽ የሄደች አይመስለኝም ነበር። ፈትቼ ብልክላት አንድ ቀን ወደዚህ ቤት የምትመለሰው የማን ልጅ፣ የማን እኅት ሆና ነው? ሌላው ይቅርና ይህን ማሰብ ራሱ ያስፈራኝ ነበር።

ያስፈታን ብርዱ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ፣ እናቴ ምስር እየለቀመች ሳለ እጇ ቆመ። "ይህን ጊዜ እዚያ በረዶ ይጥላል" አለች። "ልጄ ባዶ ትራስ ላይ ነው የምትተኛው።" ከዚያም ወደ እኔ ሳታይ "ፍቺው" አለችኝ።

ጥልፍ የሚፈታው ከጀርባው ነው። የታችኛውን ክር በምላጭ ጫፍ እየነኩ፣ የላይኛውን በመርፌ እየመዘዙ። ክሩ ሲወጣ ቀዳዳው ይቀራል። ላላ ያለ ጥልፍ ከሆነ ጨርቁን አርሶ በጥፍር ማሸት ነው፣ ቀዳዳው ይገጥማል። እኅቴ ግን ለራሷ ጥቅጥቅ አድርጋ ስለሠራችው፣ ባሸውም ባጥበውም ሦስቱ እግሮች በቀዳዳ ተጽፈው ቀሩ። "የ" ደግሞ ባለ አንድ እግር ናት፤ ሦስቱን ልትሸፍን አትችልም። የእሱን "ደ" ሳልነካ፣ አዲሱን ፊደል በመካከለኛው እግር ላይ አቆምኩትና ግራና ቀኝ በተረፉት ቀዳዳዎች ላይ ቅጠል ሠራሁባቸው። ለሚያየው ሰው አምሮበታል። እኔ ግን ከየትኛው ቅጠል ሥር ምን እንዳለ እያወቅሁ ስሰፋ እንባዬ ቀለበቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ እንደተቀመጠች፣ የማኪናውን ድምፅ ብቻ እየሰማች "በእግርሽ አትቸኩዪ፤ እኩል ርገጪ፤ ወደ ሰው ቤት ነው የሚሄደው" ትለኛለች።

ስጨርስ እሷው ተኮሰችው። ገልብጣ በጀርባው ከተኮሰች በኋላ በፊቱ መለሰችና ትክ ብላ አየችው።

"ይህችኛዋ አንድ እግር ብቻ ናት ያላት" አለች።

"አዎ።"

"እንዴት ነው የምትቆም?"

መልሴን አልጠበቀችም፤ ሌላውን አንሥታ መተኮስ ቀጠለች።

ጥቅምት ሲጠባ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ከአያ ጋር ሄድኩ። እናቴ ቤት ማን ይጠብቃል ብላ ቀረች። ወለቃ ላይ የጭነት ማኪናው ሲቆም አያ ከመንገድ ዳር ሸክላ ሠሪዎች ለአማቷ አንድ ጀበና ገዙና እቅፌ ውስጥ አስቀመጡት፤ እስከ ደባርቅ እንዳይሰበር ስጨነቅ መንገዱንም አላየሁት። ከደባርቅ ወዲያ ብርዱ፣ ገደሉ፣ የበቅሎዋ ጀርባ። ልቤ ግን ቀድማኝ ሄዳለች። በመንገድ ሁሉ የማስበው እንዴት እንደምጠራትና እንዴት ከተቀመጠችበት ብድግ እንደምትል ነበር። "ምነው፣ ደግሞ ምን ሆንሽ?" ትለኛለች፤ እኔም ምንም አልሆንኩ፣ መጥቼ ነው እላታለሁ። ይህን ስንት ጊዜ ደጋግሜ ለራሴ እንደነገርኩት አላውቅም።

ሠፈሩ ስንደርስ ሴቶች ከገብስ ማሳ ዳር ጀርባቸውን ሰጥተውን ያርማሉ። ከመሃላቸው አንገቷን ዘንበል ስታደርግ ወዲያው ለየኋት፤ ማኪናው ላይ የምታደርገው ነው። ከበቅሎዋ ወረድኩና ስሟን ጠራሁ። ከሴቶቹ አንዲት ቀና አለች፣ እኅቴ ግን አልዞረችም። ነፋሱ ነው ብዬ ጠጋ አልኩና አሁንም ጠራሁ። ሌሎቹም ማን ይሆን የሚፈለገው ብለው እርስ በርሳቸው ተያዩ። እሷ አረሟን እየነቀለች ነው። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ በጮኽኩ ጊዜ አያ ከኋላዬ መጡና "ምነው ልጄ፣ በስሟ ጥሪያት እንጂ!" አሉኝ።

ያን ስም ባፌ አድርጌው አላውቅም። ድምፅ የሌለኝ ያህል ቀስ ብዬ አልኩት። ወዲያው ዞረች።

ስታየኝ የያዘችውን በትና ሮጠች። ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ ነፍሰ ጡር መሆኗን ያወቅኩት ስታቅፈኝ ነው። እኔ አለቀስኩ፣ እሷ ሳቀች፣ ከዚያ ተለዋወጥን። አማቷ ከቤት ወጥተው አገላብጠው ሳሙኝ፣ "ምነው እንዲህ ከሳሽ፣ ከተማ እህል የለም?" እያሉ ወደ ምድጃው አስጠጉኝ። ክፉ እንዲሆኑ ስመኝ የመጣሁባቸው ሴት ናቸው። ምንም ላገኝባቸው አልቻልኩም።

የትራስ ልብሶቹን ስዘረጋላት እኅቴ ቅጠሎቹን በጣቷ ዳሰሰቻቸው። ጥልፍ ለምታውቅ ሴት ማስረዳት አያስፈልግም። "ሸጋ ሸፍነሽዋል" አለችኝ።

"ማን አዘዘሽ?" አልኳት። "እሳቸው ናቸው አይደል?"

"እሳቸውማ ተዪው፣ ያምራል አሉኝ። እኔ ነኝ የላክሁት።" የትራስ ልብሱን ጉልበቷ ላይ አነጠፈችና "እዚህ በዚያ ስም የሚጠራኝ የለም" አለች። "ማታ ስተኛ የሌላ ሴት ትራስ ላይ የተኛሁ ይመስለኝ ጀመር። የእማዬ ነገር ትዝ አለኝ፣ የሰው ስም ማጠቧ። ከፋኝ።"

ስለ ማሳው ልነግራት አልፈለግሁም፣ ግን ከአፌ ወጣ። "ስጠራሽ አልዞርሽም።"

"መቼ?"

"ከማሳው ዳር። ጮኼ ነው የጠራሁሽ።"

ፊቷ ተለወጠ። "ጠርተሽኝ ነበር?" አለች። አለመስማቷ እኔን ካስደነገጠኝ ይልቅ እሷን አስደነገጣት። እጄን ያዘችና "ለእማዬ አትንገሪያት" አለችኝ። እኔም አልነግራትም አልኳት፣ አልነገርኳትምም። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለድ፤ ለጥምቀት እወርዳለሁ፣ ወልጄ ነው የምመለሰው ብላኝ ተሰነባበትን።

ለእናቴ የነገሯት አያ ናቸው። ክፋት የለባቸውም፣ ለጨዋታ ብለው ነው። ጎንደር በገባንበት ቀን፣ ልጅሽ ነፍሰ ጡር ናት፣ ለጥምቀት ትመጣለች ብለው እናቴን ካስደሰቷት በኋላ፣ እኔ በማሳው ዳር ያንን ሁሉ ስጮኽ እሷ ገብሷን ስታርም የነበረውን እያስመሰሉ አጫወቷት። እናቴ ለእንግዳ የሚገባውን ያህል ሳቀች። እሳቸው ተሰናብተው እንደወጡ ሳቁ ከፊቷ ጠፋ።

"እውነት አልዞረችም?" አለችኝ።

"አልሰማችኝም ይሆናል። ነፋስ ነበር።"

"ልትወልድ ነው የምትመጣው" አለች። "ምጥ ሲይዛት ከራስጌዋ የምሆነው እኔ ነኝ። ምጥ ሰውን አርቆ ይወስዳል፤ በስሙ እየጠሩ ነው የሚመልሱት። ስጠራት ካልሰማችኝስ?"

እሷ ጥቂት እንደተቀመጠች ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ተነሣችና ወደ ጓሮ ወጣች። ስትቆይብኝ ምን ሆነች ብዬ ተከተልኳት። አጥሩ ጥግ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ያን አንድ ጊዜ እንኳ ቤታችን እንዳይጠራ የከለከለችውን ስም፣ ለካስ ከጎረቤት ሰምታው ኖሮ፣ ቀስ እያለች ትለዋለች። መጀመሪያ እየቆራረጠች፣ ኋላ ሙሉውን፣ ኋላም ልጅን ከሩቅ እንደሚጠሩት ጮክ አድርጋ። በጠራችው ቁጥር ዝም ትልና፣ መልስ እንዳጣች ሁሉ፣ እንደገና ትጠራለች።